የኢኮኖሚ ዜና ከሄርማታ ገበያ ሆኖ እንዴት ይነበባል?

አንድ ሐሙስ ጅማ ሄርማታ ገበያ ሽንኩርት ሳስመዝን፣ ነጋዴዋ ደንበኛዬ «ጋሼ፣ የዋጋ ግሽበት ወረደ ሲሉ ሰማሁ። ይኼ ሽንኩርት ግን ሬዲዮ የለውም መሰለኝ» አለችኝ። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሴትዮዋ ዜናውን በትክክል ሰምታለች፤ ዜናውም ሐሰት አልነበረም። ጠፍቶ የቀረው በመካከል ያለው ትርጉም ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁና ለጥያቄዋ መልስ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ መልሱ እያደገ ይህን መመሪያ ሆነ። የተጻፈው ምጣኔ ሀብት ላልተማረ፣ ዜናው ግን ኪሱን ለሚነካው ሰው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ደብተሩ

የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ የስልክዎ የሒሳብ ማሽን እና ጥቂት ትዕግሥት ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቤትዎ በየወሩ ሳይገዛቸው የማያልፋቸውን ዐሥር ነገሮች ይጻፉ። የእኔ ዝርዝር ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ከሰል፣ ሳሙና እና የባጃጅ ክፍያ ነው። ቡና የሌለበት ከባለቤቴ ቤተሰቦች ጓሮ ስለሚመጣልን ነው፤ እርስዎ የሚገዙት ከሆነ ያስገቡት።

በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ነጋዴ ዋጋውን ይመዝግቡ። እኔ የወሩን የመጀመሪያ ሐሙስ ይዣለሁ። ቀኑ የበዓል ዋዜማ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሐሙስ አሻግረዋለሁ፤ የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት ስለ ፋሲካ እንጂ ስለ ኢኮኖሚው የሚናገረው ነገር የለም።

ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ይጻፉ። ጣሳው ያው ሆኖ ክምሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ዳቦው በድሮው ዋጋ ሊሸጥና ሊያንስ ይችላል። የከሰሉ ማዳበሪያም እንደ ሞላ ሆኖ አፉ ላይ በቅጠል ሊደፈን ይችላል። ዳቦ ገዝቼ በአጠገቡ ባለው ሱቅ ሚዛን ሳስመዝን ባለ ዳቦ ቤቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መስዬው ለሁለት ሳምንት ያህል ትኩስ ትኩሱን ይመርጥልኝ ነበር። አሁን ግን ማንነቴ ታውቆ እንደ ማንኛውም ሰው ያደረውንም እገዛለሁ።

አንደኛ ሥራ፦ ከቁጥሩ በፊት ግሱን ያንብቡ

የእኛ ዜና ትልቁ ምሥጢር ያለው በግሱ ላይ ነው። አንድ ፋብሪካ «ሊገነባ ነው» ሊባል ይችላል። ከዚያ «ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ»፣ ቀጥሎ «የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ»፣ «ግንባታው እየተፋጠነ ነው»፣ «ተመረቀ» ይባላል። በመጨረሻም፣ ዕድል ከቀናን፣ «ማምረት ጀመረ» ይባላል። ስድስቱም ዜናዎች ስለ አንድ ፋብሪካ ናቸው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ግን ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚህ ሰፈር ልጁን በማግስቱ ሥራ ሊያስቀጥር የተነሣ ሰው አውቃለሁ። «ተመረቀ» የሚለው ቃል ሼዶቹ መቆማቸውን ይናገራል፤ በሼዶቹ ውስጥ ማን ገብቶ ስንት ሰው እንደሚቀጥር የሚናገረው ሌላ ዜና ነው።

የገንዘብ ዜናም እንዲሁ ነው። «ጸደቀ»፣ «ተፈረመ» እና «ተለቀቀ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድ ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ብዙ ሰው ገንዘቡ በዚያች ሌሊት የገባ መስሎት ነበር። የጸደቀው ለአራት ዓመት የሚከፋፈል ብድር ነው፤ ወዲያውኑ የተለቀቀው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቀሪው የሚለቀቀው በየጊዜው ግምገማ እየተደረገ ነው። «ግምገማው ተጠናቀቀ» የሚል ዜና ሲሰሙ እንግዲህ አንዱ ክፍያ መቅረቡን ይወቁ።

«ተገለጸ» የሚለውን ደግሞ ለብቻው ይያዙት። ማን ገለጸ? ሻጩ ነው፣ ገዢው ነው ወይስ ተቆጣጣሪው? ባለቤቱ ያልታወቀ «ተገለጸ» ሲያጋጥመኝ በደብተሬ ላይ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስቸግረኝ «የዕቅዱን 97 በመቶ አሳክቷል» የሚለው ነው። ዕቅድን የሚያወጣው ያው መሥሪያ ቤት ነው። መቶ ያመረተ ድርጅት ለዘንድሮ ሰማንያ ቢያቅድና ሰማንያ ቢያመርት «መቶ በመቶ አሳካ» ይባላል፤ ከአምናው ግን በአንድ አምስተኛ ወርዷል። ስለዚህ የዕቅድ መቶኛ ሲሰሙ ሁልጊዜ «አምና በዚህ ወቅት ስንት ነበር?» ብለው ይፈልጉ። ጥሩ ዘገባ ይህን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው አንቀጽ ላይ ይነግርዎታል፤ ችግሩ እኛ ርዕሱን አንብበን መሄዳችን ነው።

ሁለተኛ ሥራ፦ ዘመኑን ያስተካክሉ

ይህ ቶሎ ያልቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። «የ2017 በጀት ዓመት» ሲባል ከሐምሌ 2016 እስከ ሰኔ 2017 ያለው ነው፤ የውጭ ድርጅቶች ሪፖርት ላይ 2024/25 ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለቡና አገር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የክረምቱን ሩብ ዓመት ከለቀማው ሩብ ዓመት ጋር አነጻጽሮ «ምርቱ ዘለለ» ወይም «ወደቀ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ንጽጽር ሁልጊዜ ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት ጋር ይሁን።

ሦስተኛ ሥራ፦ «ከስንት ወደ ስንት?» ብለው ይጠይቁ

አሁን ወደ ሽንኩርቷ እንመለስ። ግሽበት የዋጋ መጠን ሳይሆን የዋጋ ፍጥነት ነው። በሱቅ በ1,000 ብር የሚሞላ አንድ ዘንቢል ያስቡ። በመጀመሪያው ዓመት ግሽበቱ 30 በመቶ ቢሆን ዘንቢሉ 1,300 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ግሽበቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ የ1,300 ብር 15 በመቶ 195 ብር ነውና ዘንቢሉ 1,495 ብር ይገባል። ግሽበቱ በግማሽ ወረደ፤ ዘንቢሉ ግን በ195 ብር ጨመረ። ዋጋ ራሱ እንዲወርድ ግሽበቱ ከዜሮ በታች መሆን ነበረበት።

ቁጥሮቹ ከአየር የመጡ አይደሉም፤ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 15 በመቶ አካባቢ ወርዶ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንኑ የዘንቢል ሒሳብ ለሽንኩርት ነጋዴዋ በካርቶን ላይ ጽፌ አሳየኋት። ጥቂት አየችውና «እንግዲያው ወረደ አይበሉ፤ ደከመው ይበሉ» አለች። ከዚያ ወዲህ እኔም በደብተሬ ላይ «ግሽበት ደከመ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

ይህን ቁጥር በየወሩ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ሪፖርቱ ምግብንና ምግብ ነክ ያልሆነውን ለይቶ ያቀርባል፤ ከቤትዎ ወጪ አብዛኛው የሚሄደው ለምግብ ከሆነ የሚመለከትዎ የምግቡ መስመር ነው። ዓመት ከዓመት የተነጻጸረውና ወር ከወር የተነጻጸረውም ይለያያሉ፤ አንዱ 15፣ ሌላው 1 ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የቤትዎ ደብተር ከአገሩ ቁጥር ቢለይ አይደናገጡ። የአገሩ ዘንቢል የቤት ኪራይም፣ ልብስም፣ ሕክምናም አለበት፤ የእርስዎ ዘንቢል ጅማ ውስጥ የተሞላ ነው።

መቶኛ በሁለት አቅጣጫ እንደሚነበብም ይወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ወደ 125 ብር ደረሰ። አንዱ ጋዜጣ «ዶላር በ119 በመቶ ጨመረ» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «ብር 54 በመቶ ዋጋውን አጣ» ቢል ሁለቱም አልተሳሳቱም። 125ን ከ57 ተነሥተው ሲያዩት 119 ነው፣ 57ን ከ125 ተነሥተው ሲያዩት 54 ነው። ማስደንገጥ የፈለገ ትልቁን ይመርጣል።

አራተኛ ሥራ፦ ቢሊዮንን ያሳንሱ

«ዐሥር ቢሊዮን ብር ተመደበ» ሲባል ጆሮ ይደነቁራል። የአገሩ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ዐሥር ቢሊዮኑን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው 100 ብር አይሞላም። ይህ ማለት ገንዘቡ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ለአንድ መንገድ ብዙ፣ ለአገር ጥቂት ሊሆን ይችላል። ካካፈሉ በኋላ ግን ቁጥሩ ከአፍዎ ልክ ይሆናል።

አምስተኛ ሥራ፦ ዜናው ጅማ የሚደርስበትን መንገድ ይፈልጉ

እያንዳንዱ ዜና ቤትዎ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ነው። የነዳጅ ዜና መንገድ በዓይን የሚታይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣ በግቤ በረሃ፣ በሰኮሩና በአሰንዳቦ አድርጎ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዋጋውን የሚያስታውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ሬዲዮ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባውን ዋጋ ነው፤ የእኛው የማጓጓዣ ስለሚታከልበት ከፍ ይላል። ስለዚህ የጅማን ዋጋ ለይተው ይፈልጉ።

ነዳጅ ጨመረ ማለት ግን የታክሲና የባጃጅ ታሪፍ በዚያው ደቂቃ ጨመረ ማለት አይደለም። ታሪፍን የሚያወጣው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ረዳቱ «ነዳጅ ጨምሯል እኮ» ሲልዎት «ታሪፉን አሳየኝ» ማለት መብትዎ ነው። የጭነት መኪና ኪራይ ግን ታሪፍ አይጠብቅም። የዘይቱና የሳሙናው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከተለው እሱን ነው፤ በእኔ ደብተር ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ይላል።

የዶላር ዜናም ከውጭ በሚገቡት በዘይት፣ በመድኃኒትና በመለዋወጫ ይመጣል። «ይህን ዘይት የገዛኸው ዶላሩ ሳይጨምር ነው፤ ለምን ዛሬ ጨመርክ?» ብለን ባለሱቁን እንወቅሳለን። ከሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ካዩት ባለሱቁም አንድ ነገር አለው፤ ዛሬ የሸጣትን ጀሪካን ነገ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዶላሩ ሲወጣ በዕለቱ የሚጨምር፣ ሲረጋጋ ግን ወር ሙሉ ያልሰማ ባለሱቅ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ደብተሩ የሚያስፈልገው።

ስድስተኛ ሥራ፦ ቡናውን በራስዎ ያስሉ

ጅማ ተቀምጦ የቡና ዜና ማንበብ ያልቻለ ሰው ወንዝ ዳር ሆኖ እንደሚጠማ ነው። ሬዲዮው «ቡና በዓለም ገበያ ዋጋው ናረ» ሲል የሚናገረው ስለ ኒውዮርክ የቡና ገበያ ነው። እዚያ ዋጋ የሚጠራው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ 453.6 ግራም ነው። 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተባለ እንበል። ለ0.4536 ሲያካፍሉት በኪሎ 7 ዶላር ከ72 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የዕለቱ ምንዛሪ 125 ብር ከሆነ 965 ብር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጠብ የሚነሣው። ገበሬው «ኪሎው 965 ሆኖ ሳለ ለእኔ ይህን ይሰጡኛል?» ይላል። ያ 965 ብር ግን ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ ለመርከብ የተዘጋጀ ቡና ዋጋ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ከሆነ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው ከሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 482 ብር ይሆናል። ቀይ እሸት ከሆነ ደግሞ ስድስት ኪሎ ገደማ ይፈልጋል፤ ለስድስት ሲካፈል 160 ብር ይመጣል። ከዚያ ላይ የሰብሳቢው፣ የአቅራቢው፣ የማበጠሪያው፣ የባንኩ ወለድ፣ እስከ ጅቡቲ የመኪናው ኪራይና የላኪው ትርፍ ይነሣል። የደረጃው ልዩነትም አለ፤ በውጭ ገዢዎች ዘንድ «ጅማ 5» ተብሎ የሚታወቀው ያልታጠበ ቡና ከሊሙ የታጠበ ቡና ጋር አንድ ዋጋ አያወጣም። በፈረሱላ የሚነጋገር ነጋዴ ካጋጠመዎት 17 ኪሎ መሆኑን አይርሱ።

ከዚህ ሒሳብ የሚያፈነግጥበት ጊዜም ነበር። ዶላር በባንክ በማይገኝበት ዘመን አንዳንድ ላኪ ቡናውን በኪሳራም ቢሆን እየገዛ ይልክ ነበር፤ የሚፈልገው ዶላሩን ነውና ኪሳራውን ከውጭ በሚያስገባው ዕቃ ያካክሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የአገር ውስጡ ዋጋ ከኒውዮርኩ በላይ ሲሆን ያዩ አርሶ አደሮች ዛሬም ያንኑ ይጠብቃሉ።

የራሴን ስሕተት ደግሞ ልናገር። የባለቤቴ ወንድም በጎማ ወረዳ በኩል ቡና አለው። በየካቲት 2017 መግቢያ የኒውዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታሪክ ሠራ። የብራዚል ድርቅ ስጋት ፈጥሮ ነበር። ጀንፈሉን ሊሸጥ ሲነሣ «ያዘው፣ ገና ይጨምራል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሬዲዮ ሰምቼ። ሐምሌ ሲገባ ኒውዮርክ ከ3 ዶላር በታች ወርዷል፤ ክረምቱም በጀንፈሉ ላይ እርጥበቱን ጥሎበታል። ዛሬ በሠርግም በለቅሶም ቤት ሲያየኝ «አማካሪዬ መጣ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣልኛል። ያላየሁት ነገር ይህ ነው፦ ዋጋ «ታሪካዊ ከፍታ ላይ ደረሰ» የሚለው ዜና የትናንት ዜና ነው፤ የነገው ዋጋ ያለው በብራዚል ዝናብና ለቀማ ላይ ነው። በእኛ ክረምት በእነርሱም ክረምት ስለሆነ ውርጭ መታ ወይም አልመታም የሚለው ወሬ የሚመጣው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። አሁን ምክር ስጠየቅ «ግማሹን ሽጥ፣ ግማሹን ያዝ» እላለሁ፤ ለግማሹ ብቻ ነው የምሰደበው።

የወጪ ንግድ ዜናም መከፋፈል ይፈልጋል። በ2016 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2017 ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በመቶኛ 85 ገደማ ጭማሪ ነው፤ ትልቅ ነው። ግን በ2016 የተላከው ወደ 300 ሺህ ቶን ሲሆን በ2017 የተላከው 469 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ገቢውን በመጠኑ ሲያካፍሉት አንድ ኪሎ በ4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ወደ 5 ዶላር ከ65 ሳንቲም አድጓል፤ ጭማሪው 18 በመቶ ያህል ነው። ከእድገቱ የሚበዛው የመጣው ብዙ ቡና በመላኩ ነው ማለት ነው። አርሶ አደሩ «ገቢው 85 በመቶ ከጨመረ የእኔስ?» ሲል መልሱ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በብር ሲታሰብ ደግሞ የምንዛሪው ለውጥ ይታከልበታል፤ እሱን ከደብተርዎ ዘንቢል ጋር ያስተያዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት፣ ደኑ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አለው፤ የማሳው መገኛም በካርታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ስልክ ይዘው ማሳ የሚለኩ ሰዎች ሲመጡ ብዙ ሰው የመሬት ግብር ሊጨመርበት መስሎት ይደበቃል። መታወቂያቸውን ይጠይቁ፣ የትኛው ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት እንደላካቸው ይጻፉ፤ እውነተኛ ከሆኑ ግን ያስለኩ።

ሰባተኛ ሥራ፦ ደመወዝ ሲጨመር እጅዎ የሚገባውን ይቁጠሩ

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በተወሰነው የመንግሥት ሠራተኞች ማሻሻያ የአንድ ጀማሪ ዲግሪ ያለው ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ፤ 66 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነፃ ሆኗል፤ ድሮ 600 ብር ነበር።

አብረን እናስላ። ከ11,500 ብር የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር፣ ቀጣዩ 3,000 በ25 በመቶ 750 ብር፣ የመጨረሻው 1,500 በ30 በመቶ 450 ብር ይከፈልበታል። ድምሩ 2,100 ብር ግብር ነው። የጡረታ 7 በመቶው 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ሆነ። በድሮው ደመወዝና በድሮው ግብር ይኸው ሰው 5,284 ብር ይወስድ ነበር። ጭማሪው 63 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ደብተሩን ይክፈቱና ከመጨረሻው ጭማሪ ወዲህ ዘንቢልዎ በስንት በመቶ እንዳደገ ያስሉ። ከ63 በታች ከሆነ ኑሮዎ ተሻሽሏል፤ በላይ ከሆነ ጭማሪው ያሟላው ያለፈውን ጉድለት ነው። ይህን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ስነግረው «ጋሼ፣ የቤት ኪራዩንስ?» አለኝ። ልክ ነው፤ የቤት አከራይም ዜና ይሰማል።

ስምንተኛ ሥራ፦ የባንክና የአክሲዮን ዜና

«ብሔራዊ ባንክ የወለድ ተመኑን 15 በመቶ አደረገ» ሲባል ቁጠባዎ 15 በመቶ ያፈራል ማለት አይደለም። ያ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የፖሊሲ ተመን በብሔራዊ ባንክና በባንኮች መካከል ያለ ነገር ነው። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ዐሥር ሺህ ብር በዓመቱ 10,700 ቢሆንና የዐሥር ሺህ ብሩ ዘንቢል 11,500 ቢገባ፣ የባንክ ደብተርዎ አድጎ የሚሞላልዎት ዘንቢል አንሷል። ነጋዴ ከሆኑና «ብድር የለም» እየተባሉ ከተመላለሱ ደግሞ አንዱ ምክንያት ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ የተጣለው ገደብ ነበር፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ተደርጓል። የባንኩ ሠራተኛ ጠልቶዎት አልነበረም።

አክሲዮን በቅርቡ የመጣ ዜና ነው። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን አንዱን በ300 ብር አቀረበ፤ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ያህል ተሽጦ ነበር። «ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ» የሚለው ርዕስም፣ «ከቀረበው ዐሥር በመቶ ገደማ ብቻ ተሸጠ» የሚለው ርዕስም እውነት ናቸው። በጥር 2017 ደግሞ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ባንክ «ይህን ያህል ቢሊዮን አተረፍኩ» ሲል ባለ አክሲዮን ከሆኑ መጠየቅ ያለብዎ አንድ አክሲዮን ስንት አስገኘ የሚለውን ነው።

እነዚህ ዜናዎች በበዙ ቁጥር ደግሞ ሌላ ወሬ ከኋላቸው ይመጣል፤ በወር እጥፍ የሚያደርግ፣ «የውጭ ንግድ» የሚባል፣ ሁለት ጓደኛ ካመጡ ጉርሻ ያለው። የሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ሰነድ ለመሸጥ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብር ለማስቀመጥ የሚቀበል ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ። መጠየቅ ያለብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቃዱን።

ባለፈው ወር አጂፕ አካባቢ ሻይ ስጠጣ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ፣ አምስት ሺህ ብር በአርባ ቀን ዐሥር ሺህ እንደሚሆን በስልኩ ላይ ሠንጠረዥ እያሳየ አስረዳኝ። ሰላምታው ጥሩ ነው፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። ስሌቱን በደብተሬ ላይ ሠራሁለት፤ በዚያ ፍጥነት የእኔ አምስት ሺህ ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እሱም ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። «ፈቃዱንስ አሳየኝ፣ ልጄ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፈቃዱ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው» አለኝ።